ክሪኩ የት ጋ ይግባ?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ድምፁ ቀስ እያለ ይቀንሳል)

የዛሬው ዝግጅታችን መኪና ላላችሁ ብቻ አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት ካርቶን አንጥፎ መኪና ሥር የሚገባ ባል፣ ወንድም ወይም ልጅ ያላችሁም ጆሮ ስጡኝ። የምናወራው ስለ ክሪክ ነው። መኪና ስናነሳ ክሪኩ የት ጋ መግባት አለበት? ከተነሳ በኋላስ መኪናው ምን ላይ ይቆማል? በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ስንሳሳት አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው መኪናው ነው፤ በሁለተኛው ላይ ስንሳሳት ግን የምንጎዳው እኛ ነን።

ጎፋን፣ መካኒሳን፣ ላፍቶን፣ ለቡን፣ ጀሞን የምታውቁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ በእረፍት ቀን በየኮንዶሚኒየሙ መኪና ማቆሚያና በየግቢው በር ላይ ኮፈኑ የተከፈተ ወይም ጎማው የወለቀ አንድ መኪና አይጠፋም። ጋራዥ ወረፋ አለው፣ ዋጋም አለው። ቦሎ ሲደርስ ደግሞ የፍሬኑም የመብራቱም የጎማውም ጣጣ አንድ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ሰው የሚችለውን በራሱ እጅ ይሠራል። ደግ አደረገ እላለሁ፤ ጎማ መቀየርና የፍሬን ሸራ ማየት በጥንቃቄ ከተያዘ ለባለሙያ ብቻ የተተወ ሥራ አይደለም። የማልስማማው ክሪኩን እጅ በደረሰበት ቦታ መሸጎጥ ላይ ነው።

ለምሳሌ ቪትዝን እንውሰድ፤ በሰፈራችን ሞልቷል። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ የስልካችሁን መብራት አብሩና ከፊት በር በታች ተንበርከኩ። ገና ምንም ማንሳት የለም፤ ማየት ብቻ። ከበሩ ደፍ ሥር፣ ከፊት ጎማ ጀርባ ተነስቶ እስከ ኋላ ጎማ የሚደርስ፣ ቁልቁል የወጣ ቀጭን የብረት ጠርዝ ታያላችሁ። የመኪናው የጎን ብረቶች ተጋጥመው የተበየዱበት መስመር ነው። አሁን መብራቱን ወደ ፊት ጎማው አስጠጉት። ከጎማው ትንሽ ወደ ኋላ መለስ ሲል፣ ጠርዙ ላይ ተቀራርበው የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ቅዶች አሉ። አቧራና ጭቃ ስለሚሸፍናቸው በጨርቅ ጠረግ አድርጉ። የተሸረፈ ይመስላል እንጂ ፋብሪካው ሆን ብሎ ያስቀመጠው ምልክት ነው። ክሪኩ የሚገባው በሁለቱ ቅዶች መካከል ነው። የኋላውም እንደዚሁ፣ ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት ይገኛል። ሁለት በግራ፣ ሁለት በቀኝ፤ በጠቅላላው አራት ቦታ።

ለምን እዚያ? ከዚያ ጠርዝ በላይ፣ ከውጭ የማይታይ የተደረበ ብረት አለ። መሐንዲሶቹ የመኪናው ጫና በአንድ ነጥብ ላይ ሲያርፍ እንዲችል አድርገው ያጠነከሩት እዚያ ነው። አንድ ክንድ ያህል ወደ መሃል ብትሄዱ ጠርዙ ያው ይመስላል፤ ጉልበቱ ግን ያው አይደለም። ክሪኩን እዚያ ካስገባችሁት ጠርዙ ይታጠፋል። አንዴ የታጠፈ ጠርዝ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ክሪኩን አይዝም፤ ያንሸራትታል። ከመኪናው ጋር የመጣውን ታጣፊ ክሪክ አናቱን ተመልከቱት፤ መሃሉ ላይ ጎድጎድ ያለ መስመር አለው። ጠርዙ እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ቀጥ ብሎ መቀመጥ አለበት። ከጎድጓዳው ወጥቶ ጫፉ ላይ ከተደገፈ፣ ሁለት ጣት እንኳ ቢነሳ መልሳችሁ አውርዱትና እንደገና አስተካክሉት።

ባለፈው ሰሞን ላፍቶ አካባቢ አንድ ጎሚስታ ጋ ቆሜ ነበር። ወጣቱ ባለ ጎማውን የጋራዥ ክሪክ እየገፋ መጣና አንዲት አሮጌ ኮሮላ ሥር፣ በሁለቱ በሮች መካከል፣ ልክ መሃል ላይ ሸጎጠው። «ወንድሜ፣ ትንሽ ወደ ጎማው አስጠጋው እንጂ» አልኩት። «ኧረ ችግር የለውም ጋሼ፣ ሁሌም እንዲህ ነው የምናነሳት» አለኝና መንቀሉን ቀጠለ። ጎማው ተጠግኖ መኪናዋ ስትወርድ ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጠርዙ ወደ ውስጥ ተኝቷል፤ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ አብረቅርቋል። ከጎኑ ደግሞ የቀድሞ ጊዜያት እጥፋቶች ተደርድረዋል፤ እነሱ ግን ዝገዋል። ባለቤቷ ምንም አላዩም፤ ስልክ ላይ ነበሩ። ቀለሙ በተላጠበት በኩል ውኃ ይገባል፣ ዝገት ይጀምራል። ከጥቂት ክረምት በኋላ ባትላሜራ ዘንድ የሚያስኬደው እንዲህ ያለው ነገር ነው።

ክሪክ ፈጽሞ የማይገባባቸውን ቦታዎች ደግሞ እንይ። የመኪናው ወለል ሰፊና ጠፍጣፋ ስለሆነ ያታልላል፤ ስስ ላሜራ ነው፣ ወደ ላይ ይሰረጎዳል። የነዳጅ ታንከር፣ ማርሚታ፣ የፍሬን ቱቦ የሚያልፍበት መስመር፣ ማርሽ ቤት፤ እነዚህ ሁሉ አይነኩም። በተለይ የሞተሩ ዘይት ኮፓ። ከፊት በኩል ጎንበስ ስትሉ መጀመሪያ የሚታያችሁ ዝቅ ያለና ጠንካራ የሚመስል ነገር እሱ ስለሆነ ብዙ ሰው ክሪኩን ከሥሩ ያደርጋል። ኮፓው ባይሰነጠቅ እንኳ ወደ ላይ ከተሰረጎደ ዘይት የሚስበውን አፍ ሊዘጋ ይችላል። መኪናው ያን ቀን ይነሳል፣ ይሄዳል፤ ሞተሩ ግን በቂ ዘይት አያገኝም። ሞተር ነክሶ የሚቆመው ሌላ ቀን፣ ሌላ መንገድ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ክሪኩን ማንም አያስታውሰውም።

ሃይሉክስ ወይም ላንድ ክሩዘር ያላችሁ ነገሩ ይለይባችኋል። እነዚህ መኪኖች አካላቸው የተጫነበት ራሱን የቻለ ሻንሲ አላቸው። በባሌስትራ ላይ በቆመ ሃይሉክስ ብዙውን ጊዜ የፊቱ የሚነሳው ከሻንሲው ሲሆን፣ የኋላው ደግሞ ከባሌስትራው አጠገብ ካለው የአክስል ቱቦ ነው። እነሱን በበር ደፍ ጠርዝ ለማንሳት መሞከር አይገባም።

እዚህ ላይ «የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ በጃፓንኛ ነው፣ ምን ላድርገው?» የምትሉ አትጠፉም። እውነት ነው፤ ያገለገሉ መኪኖቻችን ብዙዎቹ ከነጃፓንኛ መጽሐፋቸው ነው የመጡት፣ ያውም መጽሐፉ ከተገኘ። ግን የክሪክ ሥዕል ያለበትን ገጽ ፈልጉ፤ ሥዕሉ ማንበብ አይጠይቅም። ቀስቱ የሚያመለክተው ቦታ ነው።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

አሁን ወደ አዲሶቹ መኪኖች እንምጣ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየሰፈሩ በዝቷል። ቢዋይዲው፣ የቮልስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6ቱ አሁን ብርቅ አይደሉም። የነዚህ መኪኖች ትልቁ ባትሪ የት እንዳለ ታውቃላችሁ? ከእግራችሁ ሥር ነው። ከፊት ጎማዎች እስከ ኋላ ጎማዎች ያለውን ወለል ከሞላ ጎደል ይሸፍናል። የአይዲ 4ን ብንወስድ፣ ትልቁ ባትሪው ብቻውን ግማሽ ቶን ገደማ ይመዝናል፤ መኪናው ሙሉው ከሁለት ቶን ያልፋል። ከሥር ስታዩት ወለሉ ልሙጥና ጠንካራ ይመስላል። ያ ልሙጥ ነገር የባትሪው ሽፋን ነው። ክሪክ እሱን ከነካው የሚሰረጎደው ላሜራ ብቻ አይደለም፤ የባትሪው ክፍሎች ሊጎዱ ይችላሉ፣ የተጎዳ የሊትየም ባትሪ ደግሞ ወዲያውም ሆነ ዘግይቶ ሊቃጠል ይችላል። ለመተካት የሚጠይቀውን ገንዘብ ባለቤቶቹ ከኔ የበለጠ ያውቁታል።

እነዚህም መኪኖች አራት ቦታ ተወስኖላቸዋል፤ በጎንና በጎን፣ ከባትሪው ውጭ፣ ከደፉ ሥር። በአንዳንዱ በቀስት ወይም በሦስት ማዕዘን ምልክት ተደርጎበታል፤ በሌላው ፕላስቲክ ክዳን ተነስቶ ነው የሚገኘው። ብዙዎቹ ስኮርታ ጎማም ክሪክም ሳይኖራቸው ነው ከፋብሪካ የሚወጡት፤ ስለዚህ ጎማ ሲተነፍስ የጎረቤት ክሪክ ይለመናል። የጎረቤት ቪትዝ ክሪክ ግን ለሁለት ቶን መኪና አልተሠራም። ክሪኩ ላይ የሚችለው ክብደት በኪሎ ወይም በቶን ተጽፏል፤ ሳታነቡ አታስገቡ። ደግሞም ከሥር ብርቱካናማ ሽፋን ያለው ወፍራም ገመድ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚተላለፍበት ገመድ ነው፤ በግቢ ውስጥ የሚነካካ ነገር አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪናን በተመለከተ የኔ አቋም ጠበቅ ያለ ነው፦ ጎማ ቀይሩ፣ ከዚያ ለበለጠ ሥራ ግን መኪናውን ወደሚያውቁት ባለሙያዎች ውሰዱት።

ስለ ነጥቡ ይህን ያህል ካልን፣ መሬቱስ? የሰፈራችን መሬት ለክሪክ የሚመች አይደለም። ወደ ለቡና ጀሞ በኩል ጥቁሩ መረሬ አፈር አለ። በበጋ ድንጋይ የሆነ ይመስላል፣ ክረምት ሲገባ ግን ውኃ ጠጥቶ ያብጥና ይለሰልሳል። የታጣፊ ክሪክ መቀመጫ ከእጅ መዳፍ ብዙም አይበልጥም። የመኪናው ክብደት በዚያች ትንሽ ብረት በኩል ወደ አፈሩ ሲወርድ አንዱ ጎን ይሰምጣል፣ ክሪኩ ይዘማል፣ መኪናውም ወደዘመመበት ይሄዳል። መድኃኒቱ ወፍራም ጣውላ ነው፤ ከክሪኩ መቀመጫ በሁሉም ጎን ተርፎ የሚወጣ፣ ያልተሰነጠቀ፣ መሬቱን እኩል የሚነካ። ከመኪናው ጋር ይዞር፤ ቦታ አይፈጅም።

ኮብልስቶን ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ድንጋዩ ጠንካራ ስለሆነ አይሰምጥም፤ ችግሩ ባለ ጎማው ክሪክ ላይ ነው። የዚህ ክሪክ ክንድ ወደ ላይ የሚነሳው ቀጥ ብሎ ሳይሆን ክብ እየሠራ ስለሆነ፣ መኪናው ከፍ ባለ ቁጥር ክሪኩ በትንንሽ ጎማዎቹ እየተንከባለለ ከሥሩ መስተካከል አለበት። ኮብልስቶን ላይ ጎማዎቹ በድንጋዮቹ መካከል ባለው ክፍተት ይያዛሉ። ክሪኩ መንከባለል ሲያቅተው አናቱ ከጠርዙ ላይ መንሸራተት ይጀምራል። ይህን የምታውቁት ጭርር የሚል ድምፅ ስትሰሙ ነው፤ ስትሰሙ አቁሙ። ኮብልስቶን ላይ ታጣፊው ክሪክ ከጣውላ ጋር ይሻላል፤ ባለ ጎማውን ለሲሚንቶ ወለል አቆዩት። በክሪኩ አናትና በጠርዙ መካከል ለማድረግ ደግሞ በረባሶ የሚሠራበት ዓይነት ወፍራም የጎማ ቁራጭ፣ መሃሉን በቢላ ሸንተር አድርጋችሁ ብትጠቀሙ ጠርዙን ያድናል።

ቁልቁለት ላይ መኪና አይነሳም። ጎፋና ላፍቶ ውስጥ ደልዳላ ቦታ ማግኘት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ጎማው እስካልተቀደደ ድረስ በዝግታ ጥቂት ነድቶ ደልዳላ መሬት ላይ መቆም ይሻላል።

«ፒ ላይ አድርጌዋለሁ፣ የትም አይሄድም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት። ማርሹ «ፒ» ላይ ሲሆን የሚይዘው ሞተሩ የሚነዳቸውን ጎማዎች ነው። አብዛኛው ቪትዝ የሚነዳው በፊት ጎማዎቹ ነው። አንዱን የፊት ጎማ ስታነሱት፣ ዲፈረንሻሉ የተነሳው ጎማ አየር ላይ እንዲዞር ስለሚፈቅድለት፣ መሬት ላይ የቀረው ጎማም መሽከርከር ይችላል። ስለዚህ «ፒ» ምንም አልያዘም፤ መኪናውን የያዘው የኋላው የእጅ ፍሬን ብቻ ነው። የእጅ ፍሬናችሁ ስንት ዓመት ሳይጠበቅ ቆየ? የኋላ ጎማ ስታነሱ ደግሞ ከእጅ ፍሬኑ ግማሹ ከጎማው ጋር ወደ አየር ይወጣል። ታኮ የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ከሚነሳው ጎማ በሰያፍ ትይዩ ያለውን ጎማ በፊቱም በኋላውም ታኮ አድርጉበት። ጠርዝ ያለው ጥሩ እንጨት ወይም ድንጋይ ይሁን፤ ክብ ድንጋይ ከጎማው ጋር አብሮ ይንከባለላል።

ዳዶዎቹን መኪናው መሬት ላይ እያለ በትንሹ አላሏቸው። መኪናው በክሪክ ላይ ቆሞ የዛገ ዳዶ በጉልበት መታገል፣ መኪናውን ከክሪኩ ላይ መግፋት ማለት ነው። ሰው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ አይነሳም፤ ሕፃናት ከአካባቢው ይራቁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። መኪናው ተነሳ፤ ምን ላይ ይቁም?

ክሪክ ላይ አይደለም። የዘይት ክሪክ መኪናውን ይዞ የሚቆየው ውስጡ በታመቀ ዘይት ነው፤ ዘይቱን የሚይዘው ደግሞ አንዲት የጎማ ቀለበትና አንዲት ትንሽ ቫልቭ ናት። ቀለበቷ ካረጀች ክሪኩ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ አንዳንዴም ቀስ አይልም። ታጣፊው ክሪክ ዘይት የለውም፣ ግን እግሩ ጠባብ ስለሆነ ከጎን በሚመጣ ግፊት ይወድቃል። ሁለቱም የተሠሩት ለማንሳት ነው። ጎማ ለመቀየር ሰው መኪናው ሥር አይገባም፤ ከጎን ሆኖ ይፈታል፣ ከጎን ሆኖ ያስራል። ሥር የሚያስገባ ሥራ ካለ፣ የዘይት መለወጥም ይሁን ሌላ፣ የብረት መቆሚያ ያስፈልጋል፤ ያ ሦስት ወይም አራት እግር ያለው፣ ቁመቱ በጥርስ የሚስተካከለው። መርካቶ ሶማሌ ተራ ታገኛላችሁ፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይሸጣል። ስትገዙ የሚችለውን ክብደት አንብቡ፣ ብየዳውን ተመልከቱ፣ ጥርሱ መያዙን ጫን ብላችሁ ሞክሩ። ሙከራው ከንቱ አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሃርበር ፍሬይት የተባለው መሣሪያ ሻጭ ከአንድ ሚሊዮን በላይ መቆሚያዎችን ከገበያ ሰብስቧል፤ ምክንያቱም ጥርሱ በጭነት ሥር ሊለቅ እንደሚችል ስለታወቀ ነው። በዚያው ዓመት ምትክ ሆነው ከተሰጡት ውስጥም በብየዳ ጉድለት የተሰበሰቡ ነበሩ።

መቆሚያው የሚቀመጠውም እንደ ክሪኩ በጠንካራ ቦታ ነው። እዚህ ላይ ሰው ይቸገራል፤ ምክንያቱም የተጠናከረውን ነጥብ ክሪኩ ይዞታል። ጋራዦች ብዙውን ጊዜ ክሪኩን ከፊት መሃል ባለው ወፍራም ተሸካሚ ብረት ያስገቡና መቆሚያዎቹን በጎን ነጥቦች ላይ ያደርጋሉ። ያ ብረት በመኪናችሁ የት እንዳለና ለማንሻ የተፈቀደ መሆኑን ከመመሪያው ሥዕል ካላረጋገጣችሁ አትሞክሩት። መቆሚያ የሚያርፍበት አስተማማኝ ቦታ ካጣችሁ፣ ሥራው የጋራዥ ሥራ ነው፤ በዚህ የሚያፍር ሰው አይኑር።

ብሎኬትን በተመለከተ ግን ልመና ላቅርብ። በየግቢያችን ከቤት ሥራ የተረፈ ብሎኬት አለ፤ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም መኪና ይደገፍበታል። ብሎኬት ግድግዳ ውስጥ ሆኖ ከላይ እኩል የተሰራጨ ጭነት ይሸከማል። አንድ ቀጭን ብረት መሃሉን ሲጫነው ግን ውስጡ ባዶ ስለሆነ ይፈረካከሳል፤ እንደ እንጨት አይጮህም፣ አይጎብጥም፣ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ድንጋይ በድንጋይ ላይ መደርደርም ያው ነው።

መቆሚያው ገብቶ መኪናው ካረፈበት በኋላ፣ ከመግባታችሁ በፊት ቆማችሁ መኪናውን በእጃችሁ ገፋ ገፋ አድርጉት። የሚወዛወዝ ከሆነ አሁን ይወዛወዝ። የፈታችሁትን ጎማ ደግሞ ከደፉ ሥር አስተኙት። ሁሉ ነገር ቢከዳ፣ የጎማውና የቸርኬው ውፍረት በመኪናውና በመሬቱ መካከል ክፍተት ይተዋል። ምንም ወጪ የለውም፤ ሆኖም ሲደረግ ብዙም አላይም።

ክፉ አይምጣ እንጂ መኪና ሰው ላይ ቢወድቅ፣ ሰውየውን እየጎተታችሁ ለማውጣት አትታገሉ። ሌላ ክሪክ አምጥታችሁ መኪናውን ከትክክለኛው ነጥብ አንሱት፣ ወዲያው በጣውላ ደግፉት። አንዱ ሲያነሳ ሌላው ይደውል። የአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽን 939 ነው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907።

አድማጮች፣ ለዚህ ሳምንት የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ጎማ ሳይተነፍስ፣ ሳትቸኩሉ፣ በቀን ብርሃን ተንበርክካችሁ አራቱን ነጥቦች ፈልጉና ከደፉ ሥር በነጭ ቀለም ምልክት አድርጉባቸው። ከዚያ ጎሚስታ ጋ ስትሄዱ ስልካችሁን ኪሳችሁ አድርጉና ከመኪናው ውረዱ፤ ምልክቱን አሳይታችሁ «ወንድሜ፣ እዚህ ጋ አስገባልኝ» በሉት።